የነፋስ በር፦ ዊንጌት የተባለው ስም ከየት መጣ? የእኛስ ስም ወዴት ይሄዳል?

በአዲስ አበባ ከተማ የታክሲ ረዳት «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያለ ሲጣራ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ተሳፋሪውም ይገባል፤ ሒሳቡን ይከፍላል፤ ከሚፈልገው ቦታ ሲደርስ ይወርዳል። ዊንጌት ለእርሱ ሰፈር ነው፤ ትምህርት ቤት ነው፤ መውረጃ ነው። የአንድ የጦር መኮንን ስም መሆኑን የሚያውቀው ሰው እንኳ፣ ስሙ ራሱ ምን ማለት እንደ ሆነና ለዚያ መኮንን ከየት እንደ ደረሰው ብዙ ጊዜ አይጠይቅም።

አንባቢ ሆይ! አንድን ስም እስከ ምንጩ ተከትሎ መሄድ ብዙ አገርና ብዙ ሰው ያሳያል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ዊንጌትን ከተወለደበት ከሰሜን እንግሊዝ አንሥተን እስከ አዲስ አበባ እንከተለዋለን። ከዚያም እኔ ወደማስተምርባት፣ ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለችው ወደ ካኮ እናመጣዋለን። እዚያ ስንደርስ ስለ እንግሊዙ ስም የጀመርነው ጥያቄ በእኛው ልጆች ስም ላይ ይመለሳል። ዋናው ቁም ነገርም ያን ጊዜ ይገለጻል።

ስሙ ምን ማለት ነው?

በጥንቱ የእንግሊዝ ቋንቋ «ዊንድ» ነፋስ፣ «ጌት» ደግሞ በር ወይም መተላለፊያ ማለት ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ «የነፋስ በር» ይሆናሉ። በሁለት ኮረብታ መካከል ነፋስ እየተጋፋ የሚያልፍበትን ጠባብ ቦታ የጥንት ሰዎች እንዲህ ብለው ይጠሩት ነበር። በሰሜን እንግሊዝ በደርሃም አውራጃ ዛሬም ዊንጌት የሚባል መንደር አለ። በኖርዘምበርላንድና በላንካሸርም ተመሳሳይ ስም ያላቸው ቦታዎች ይገኛሉ።

የእኛ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ሊገረም አይገባውም። ከደብረ ታቦር ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ የምትባል ከተማ አለችና። የእንግሊዙ ባላገርና የጋይንቱ ባላገር ሳይተዋወቁ፣ አንድ ዓይነት ቦታ አይተው አንድ ዓይነት ስም አወጡ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባለው ነገር ነው። የነፋስ መውጫ ተወላጅ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ቢኖር የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው። አገሩን የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ ነው። የዊንጌት ተወላጅ ግን ወደ ሌላ አገር በሄደ ጊዜ «የዊንጌቱ እገሌ» ተባለ። ልጁም ያን መንደር ሳያየው ዊንጌት ተባለ፤ የልጅ ልጁም እንደዚሁ። ቦታው ተረስቶ ስሙ በደም የሚወረስ ሆነ።

ይህ የሆነው በአንድ ቀን አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ፣ መሬትና ግብር በጽሑፍ እየተመዘገበ ሲሄድ፣ አንዱን ዮሐንስ ከሌላው ዮሐንስ መለየት ግድ ሆነ። መጀመሪያ ትልልቅ ባለርስቶች፣ ከዚያም ነጋዴዎች፣ በመጨረሻም ተራው ገበሬ የቤተ ዘመድ ስም ያዘ። ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ ስም የሌለው ቤተሰብ አልነበረም ለማለት ይቻላል። በ1538 ደግሞ በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፍ ታዘዘ። ዛሬ አንድ እንግሊዛዊ የአያት ቅድመ አያቱን ፈለግ አሳድዶ ሊያገኝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የእንግሊዞችን የቤተ ዘመድ ስሞች የሚያጠኑ ሰዎች ስሞቹን በአራት ይከፍሏቸዋል። አንደኞቹ እንደ ዊንጌት ከቦታ የመጡ ናቸው። ሁለተኞቹ ከአባት ስም የመጡ ሲሆኑ፣ ጆንሰን ማለት የጆን ልጅ ማለት ነው። ሦስተኞቹ ከመልክ ወይም ከጠባይ የወጡ ናቸው፤ ብራውን ቡናማ፣ አርምስትሮንግ ክንደ ብርቱ ነው። አራተኞቹ ከሥራ የመጡ ናቸው፤ ስሚዝ ብረት ቀጥቃጭ፣ ፖተር ሸክላ ሠሪ፣ ቴይለር ልብስ ሰፊ ነው። አንባቢ ይህን አራተኛውን ክፍል እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በቁጥር ረገድ ዊንጌት ብርቅ ስም ነው። በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሰው አንዱ ያህል ስሚዝ ሲባል፣ ከሺህ ሰው መካከል አንድ ዊንጌት ማግኘት ግን አይቻልም። ስሙ ከስደተኞች ጋር ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራልያ ሄዷል። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ዊንጌት የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ።

ስሙ ሁለት ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ገባ

ብዙዎቻችን ዊንጌት አገራችንን የረገጠው በ1933 ዓ.ም. ይመስለናል። ስሙ ግን ከዚያ አስቀድሞ መጥቶ ነበር። ከዓድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት ወደ አፄ ምኒልክ መልእክተኛ መላክ በጀመሩ ጊዜ፣ በ1889 ዓ.ም. በሬኔል ሮድ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ አዲስ አበባ ገብቶ በግንቦት ወር ውል ተፈራረመ። ከዚያ ጓድ አባሎች አንዱ ሬጂናልድ ዊንጌት የሚባል መኮንን ነበር። ይህ ሰው ኋላ የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሆኖ ብዙ ዓመት ቆይቷል።

ሁለተኛው ኦርድ ዊንጌት ነው። አባቱ ከሬጂናልድ ዊንጌት ጋር የወንድማማች ልጆች ነበሩ። ኦርድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1903 በህንድ አገር ተወለደ። በወጣትነቱ በዚሁ ታላቅ ዘመዱ ድጋፍ በሱዳን የመከላከያ ጦር ውስጥ አገለገለ። በጥር ወር 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ «የጌዴዎን ኃይል» የተባለውን ጥቂት ጦር እየመራ ከአርበኞች ጋር በጎጃም ተዋጋ። በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡ ጊዜም አብሮ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1936 ዓ.ም.፣ በበርማ ጦርነት ላይ ሳለ ይጓዝበት የነበረው አውሮፕላን ወድቆ ሞተ። አንድ ልጁ የተወለደው አባቱ ከሞተ በኋላ ነው።

ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ የተከፈተው ታላቅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእርሱ ስም ጄኔራል ዊንጌት ተባለ። በእስራኤል አገርም በእርሱ ስም የሚጠራ የታወቀ የስፖርት ተቋም አለ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ የቴክኒክና የሙያ ትምህርት የሚሰጥበት ኮሌጅ ነው፤ ስሙም ከግቢው ወጥቶ ሰፈሩን በሙሉ ይዟል። እንግዲህ የነገሩን መገለባበጥ ተመልከቱ! በእንግሊዝ አገር የቦታ ስም የነበረው የሰው ስም ሆነ፤ ወደ እኛ አገር ሲመጣ የሰው ስም የነበረው ተመልሶ የቦታ ስም ሆነ። የነፋስ በር መሆኑ ቀርቶ የታክሲ በር ሆነ።

ቸርችል ጎዳናም እንደዚሁ ነው፤ ቸርችል ከቤተ ክርስቲያንና ከኮረብታ የተገጣጠመ የቦታ ስም ነውና። ከጦርነቱ በፊትም በኋላም በኢትዮጵያ የኖሩት የብርጋዴር ዳንኤል ሳንፎርድ ስምም ከአሸዋማ የወንዝ መሻገሪያ የመጣ ነው። ዛሬ ግን ሳንፎርድ ሲባል አዲስ አበቤ የሚያስበው ትምህርት ቤቱን ብቻ ነው።

የቤተ ዘመድ ስም በእኛ አገር ለምን አልበቀለም?

የእንግሊዝ ስም ከኢትዮጵያዊ ልማድ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጆን ቤል የሚባል እንግሊዛዊ የንጉሡ ታማኝ ወዳጅ ሆኖ ነበር። ሹመቱ ሊቀ መኳስ ሲሆን የአገሩ ሰው «ሊቀ መኳስ ዮሐንስ» ይለው ነበር። ለንጉሡ ሲዋጋ በ1853 ዓ.ም. ሞተ። ልብ በሉ፤ ባላገሩ የሰውየውን የራሱን ስም ወስዶ በአገርኛ ጠራው፤ ማዕርጉንም ጨመረለት፤ «ቤል» የሚለውን ግን ጣለው። ለምን ቢባል፣ በእኛ ዘንድ ሰው ሰው ነው እንጂ የስም ቅርንጫፍ አይደለምና ነው።

በአገራችን ልጅ ሲወለድ ስም ይወጣለታል፤ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላልም። ስሙ ብዙ ጊዜ የወላጆቹን ኑሮ ይናገራል። ቀድሞ የተወለደ ልጅ የሞተበት ቤት የሚቀጥለውን ምትኩ፣ ካሳ ወይም ማስረሻ ይለዋል። ከዚያ በኋላ የአባት ስም ይከተላል፤ በጽሑፍ ጊዜ ደግሞ የአያት ስም ይጨመራል። አባትየው ግን ለልጁ ያበደረው ስም ለአንድ ትውልድ ነው። በልጅ ልጁ ጊዜ ሦስተኛ ይሆናል፤ በልጅ ልጅ ልጁ ጊዜ ከወረቀት ይወጣል። ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም።

በዓለም ላይ ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። አይስላንዶች ዛሬም «የእገሌ ልጅ» እያሉ በአባት ስም ይጠራሉ፤ የስልክ መዝገባቸውም ይዘጋጅ የነበረው በሰውየው በራሱ ስም ፊደል ተራ ነው። ሌሎች አገሮች ግን በሕግ ተገደዱ። ጃፓን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1875፣ ቱርክ በ1934 ሕዝባቸው ሁሉ የቤተ ዘመድ ስም እንዲይዝ አዘዙ።

እኛም ታዘን ነበር፤ ይህን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ረኔ ዳቪድ የተባሉት ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከ32ኛው አንቀጽ ጀምሮ ሰው ሁሉ የቤተ ዘመድ ስም፣ የራሱ መጠሪያ ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ይላል። ያገባች ሴት የራሷን የቤተ ዘመድ ስም እንደያዘች ትኖራለች የሚልም አንቀጽ አለው። ሕጉ ታተመ፤ ተማረ፤ ተተረጎመ፤ ሕዝቡ ግን በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። ሕግ ከልማድ ጋር ሲታገል ሁልጊዜ አያሸንፍም።

በዚህ ምክንያት የስም ቆጠራ በእኛና በእነርሱ ዘንድ ትርጉሙ ይለያያል። በእንግሊዝ አገር ዊንጌቶችን የሚቆጥር ሰው ባብዛኛው ዘመዳሞችን ይቆጥራል። በእኛ አገር ከበደዎችን የሚቆጥር ሰው ግን ባዳዎችን ይቆጥራል። ጥሩነሽ፣ ገንዘቤና እጅጋየሁ ዲባባ እኅትማማቾች ስለ ሆኑ የውጭ አገር ጋዜጠኛ «ዲባባ» የዘር ስም ይመስለዋል። ደራርቱ ቱሉ ዘመዳቸው መሆኗን ግን ከስሟ ሊያነበው አይችልም። ኃይሌንም «ገብረ ሥላሴ» እያሉ ሲጠሩት አባቱ የሮጡ ይመስላል!

የእነርሱም ሥርዓት ጉድለት አለው። ፍራንሲስ ጋልተንና ቄስ ሄንሪ ዋትሰን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1874 አንድ የሒሳብ ጥናት አወጡ። ጥያቄያቸው «የታላላቅ ቤተሰቦች ስም ስለ ምን ይጠፋል?» የሚል ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ስሙ በወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ ከሆነ፣ ሴቶች ልጆች ብቻ የወለደ ሰው ስሙ ከእርሱ ጋር ይቆማል። ብዙ ተሸካሚ ያለው ስም ይህን ጉዳት ይችለዋል፤ እንደ ዊንጌት ጥቂት ተሸካሚ ያለው ግን ያለ ጦርነትና ያለ ቸነፈር፣ እንዲያው በዕድል ብቻ ሊጠፋ ይችላል። የሊቀ መኳስ ዮሐንስ ሴት ልጅ ሱዛን ቫልድማየር የተባለውን ሚስዮናዊ አግብታ በአውሮፓውያን ልማድ በባሏ ስም ተጠርታለች፤ ቤል የሚለው ስም በእርሷ በኩል እንዲህ ተቋረጠ።

በእርግጥ እውነተኛ የቤተ ዘመድ ስም ይዘው በመካከላችን የኖሩም አሉ። በ1916 ዓ.ም. ከአርባዎቹ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ጋር የመጡት፣ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት ኬቮርክ ናልባንዲያንና የወንድማቸው ልጅ ሙዚቀኛው ነርሲስ ናልባንዲያን በአንድ ስም የሚጠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። ናልባንድ በቱርክኛ የፈረስ ጫማ መቺ ማለት ሲሆን፣ «ያን» የሚለው የአርመንኛ መጨረሻ ልጅነትን ያመለክታል። ቀጥቃጭ አያት የነበረው ቤተሰብ ሥራውን በስሙ ይዞ በኩራት ኖረ ማለት ነው።

የፈረስ ስምና የበሬ ስም

አሁን ወደ ደቡብ ኦሞ እንውረድ። የካኮ ገበያ ሰኞ ሲቆም ከደጋው አሪ፣ ከቆላው በና እየወረደና እየወጣ ይገናኛል። አንዱ የሌላውን ስም ሲጠራ የሚሰማ እንግዳ ሰው የስሞቹን ትርጉም ቢጠይቅ ብዙ ይማራል።

በሰላማጎ በኩል ያሉት ሙርሲና ቦዲ ከብት አርቢዎች ናቸው። ሙርሲዎች ጥቁሩን «ኮሮ»፣ ነጩን «ሆሊ»፣ ቀዩን «ጎሎኚ» ይሉታል። እነዚህ ቃሎች አስቀድመው የከብት መልክ ናቸው፤ የሰውም ስም ከእነርሱ ይወጣል። ዴቪድ ተርተን የተባሉት እንግሊዛዊ ተመራማሪ ለሙርሲዎች ባለቀለም ካርዶች ባሳዩዋቸው ጊዜ፣ በከብት ላይ የማይገኘውን ቀለም ሲያዩ «እንዲህ ያለ ከብት የለም» ብለው መለሱላቸው። ጃፓናዊው ካትሱዮሺ ፉኩይ ስለ ቦዲዎች በጻፉት ጥናት ደግሞ፣ ልጅ ስም ሲወጣለት ከአንድ የከብት መልክ ጋር እንደሚያያዝና ያንን መልክ እስኪሞት ድረስ እንደ ራሱ አካል እንደሚወደው ገልጸዋል። በኦሞራቴ በኩል ባሉት ዳሰነችም ወንድ ልጅ በሚወደው በሬ ስም መጠራቱን ኡሪ አልማጎር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ጽፈውበታል።

ከደጋ የመጣ አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ሰው በበሬ ስም ይጠራልን?» ብሎ ይስቃል። እኔም እንዲህ ብዬ እጠይቀዋለሁ፦ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ሲባሉ ይህ ከምን የመጣ ስም ነው? የፈረሳቸው ስም አይደለምን? ፈረሰኛው በፈረሱ፣ አርቢው በበሬው መጠራቱ የአንድ ሐሳብ ሁለት መልክ ነው። ሰው የሚያከብረውንና የሚያስከብረውን ነገር ስሙ ያደርገዋል።

የዊንጌት አምሳያ የሆነውስ፣ ማለት ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ የሚሄደው ስም በእኛ አካባቢ የለምን? አለ፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ አይጻፍም። እርሱም ጎሳ ነው። ሐመሮች ጋላቡና ቢናስ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወገኖች ተከፍለው፣ በእነዚያም ሥር በጎሳ ተደልድለው ይኖራሉ። ከእኛ በስተምሥራቅ ያሉት ኮንሶዎች ዘጠኝ ጎሳዎች አሏቸው፤ የአንድ ጎሳ ልጆችም እርስ በርሳቸው አይጋቡም። አንድ የኮንሶ ወጣት ወደ ሩቅ መንደር ሄዶ ጎሳውን ቢናገር የማያውቀው ቤት እንደ ልጅ ይቀበለዋል። ስሚዝ የሚባል ሰው በለንደን ሌላ ስሚዝ ቢያገኝ እንዲህ ያለ መስተንግዶ አያገኝም!

ቀጥቃጩና ገበሬው

አንባቢ እንዲያስታውስልኝ ለምኜው ወደ ነበረው ነገር እነሆ ተመለስኩ። በእንግሊዝ አገር ከሁሉ የበዛው ስም ስሚዝ፣ ማለት ቀጥቃጭ ነው። ማንም አያፍርበትም። በእኛ አገር ግን ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ ማለት ስድብ ሆኖ ኖረ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ይሁን እንጂ ስድቡ እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም።

በአሪም ብረት የሚቀጠቅጡትና ሸክላ የሚሠሩት «ማና» ይባላሉ። ከገበሬው ጋር ጋብቻ የማይደረግበት ዘመን ረጅም ነበር፤ ዘራቸውም ከሌላ ቦታ የመጣ ነው ሲባል ኖሯል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የወጣ የዘር ቅንጣት ጥናት ግን ይህን አባባል አፈረሰው። የአሪ ቀጥቃጮችና የአሪ ገበሬዎች ከአንድ ሕዝብ የወጡ መሆናቸውን፣ የተለያዩትም ባለፉት 4500 ዓመታት ውስጥ መሆኑን፣ ልዩነታቸውም የመጣው ቀጥቃጩ ከጋብቻ ተገልሎ በመኖሩ መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት በጋሞ ደጋ በሞታ ዋሻ ስለ ተገኘው የ4500 ዓመት አጽም የተጻፈው ጥናትም፣ ዛሬ ካሉት ሕዝቦች ሁሉ ለዚያ ሰው የሚቀርቡት አሪዎች እንደ ሆኑ ገለጸ። እንግዲህ በካኮ ገበያ ማረሻ የሚሸጠውና ማረሻውን የሚገዛው የአንድ አያት ልጆች ናቸው። ለአንዱ ክብር፣ ለሌላው ነውር የሆነው የሥራ ስም የሰው ፈጠራ እንጂ የደም ነገር አይደለም።

በመዝገብ ላይ የሚጠፋው ስም

አሁን የጽሑፌ ዋና ጉዳይ ላይ ደረስኩ። በአገራችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላው አገር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ፋይዳ የሚባለው የዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ጸድቋል። እንግሊዝ ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የጀመረችውን መዝገብ እኛ ዛሬ እየጀመርን ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚጻፈው ስም ለብዙ ትውልድ የሚኖር ስም ነው። ስሕተቱም እንደዚያው።

በዚህ አካባቢ ብዙ ልጆች ሁለት ስም አላቸው፤ አንዱ የቤት፣ ሌላው የመዝገብ። እረኛ ሆኖ ያደገ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ስሙ ለመዝጋቢው ጆሮ እንግዳ ይሆንበታል። መዝጋቢውም አንዳንዴ ለመጻፍ ቸግሮት፣ አንዳንዴም ለልጁ ያዘነ መስሎት፣ ሌላ የለመደውን ስም ይሰጠዋል። አባቱ ሩቅ ከሆነም ያመጣው አጎት በአባት ቦታ ይጻፋል። የማውቃቸው ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ በአንድ እናት ጀርባ ታዝለው ያደጉ ናቸው። በመዝገብ ላይ ግን የአንዱ አባት ሌላ፣ የሌላው አባት ሌላ ነው። ታላቁ የፈተና ወረቀቱን ከመታወቂያው ጋር ለማስማማት ፍርድ ቤት ማመልከት፣ ምስክር መቁጠር፣ ከትምህርቱም ብዙ ቀን መቅረት አስፈልጎታል። የቤት ስሙ የአንድ የሚያምር በሬ መልክ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚጠሩት አያቱ ብቻ ናቸው። እርሳቸው ባለፉ ቀን ስሙም አብሮ ይቀበራል።

ጋልተንና ዋትሰን ስም በዕድል እንደሚጠፋ በሒሳብ አሳዩ። የእኛ ግን በዕድል አይደለም፤ በብዕር ነው። በብዕር የሚጠፋውን ደግሞ በብዕር ማዳን ይቻላል።

ምን እናድርግ? በእኔ አስተያየት እንደ ቱርክና እንደ ጃፓን የቤተ ዘመድ ስም በአዋጅ መጫን አያስፈልገንም፤ የ1952ቱ ሕግ ዕድል በቂ ትምህርት ነው። ጎሳንም በመታወቂያ ላይ መጻፍ አልመክርም፤ በአገራችን የወገን ምልክት በወረቀት ላይ ሲወጣ ምን እንደሚያስከትል አይተናልና። የሚያስፈልገው ሦስት ቀላል ነገር ነው። አንደኛ፣ መዝጋቢ የሆነ ሁሉ ልጁ ወይም ወላጁ የተናገረውን ስም እንደተነገረ ይጻፍ። ፊደላችን ለዚህ አይቸገርም፤ ቢያጠራጥረው ደግሞ ይጠይቅ እንጂ አይለውጥ። ሁለተኛ፣ ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ የአባትና የአያት ስም በወንድማማቾች መካከል አንድ መሆኑን ከመፈረሙ በፊት ያስነብብ። ሦስተኛ፣ ማንበብና መጻፍ የቻለ ልጅ ሁሉ ከአያቶቹ አጠገብ ተቀምጦ የትውልዱን ስም እስከ ሰባት ቤት፣ የቤት ስሙንም ከነትርጉሙ፣ ጎሳውንም ጭምር በአንድ ደብተር ይጻፍ። ደብተሩ የመንግሥት ሳይሆን የቤት ይሁን።

ይህን የቤት ሥራ ለተማሪዎቼ ሰጥቼ ነበር። አንዳንዱ አራት፣ አንዳንዱ ዘጠኝ ስም ይዞ መጣ። የማና ቤተሰብ ልጅ የሆነች አንዲት ተማሪ የአያቷን ሥራ ትጻፍ አትጻፍ አመንትታ ነበር። ስሚዝ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለክፍሉ ካስረዳሁ በኋላ ግን በትልልቅ ፊደል ጻፈችው።

አንባቢ ሆይ! «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። ይህ የሚሆነው ግን የሚጠራው ሲኖር ነው። በሰሜን እንግሊዝ አንድ ነፋሻ ኮረብታ ላይ የወጣ ስም ሺህ ዓመት ሊሆነው ሲቃረብ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ይጮኻል፤ ያዳነው የጻፈው ሰው ነው። እርስዎም ዛሬ ማታ ከቤትዎ ሲገቡ፣ በቤትዎ ውስጥ ዕድሜ የጠገበ ሰው ካለ፣ የአያታቸውን አያት ስም ይጠይቋቸው። እርሳስም አይርሱ።